ስሙን የማልጠራው ሰው ቤት

የምኖረው ፎቅ ላይ ነው። ፎቅ ስል አሁን አሁን ሆሳዕና ውስጥ የሚቆመውን መስታወት የለበሰ ሕንጻ እንዳታስቡ። የእኛ ቤት ከታች ሱቆች፣ ከላይ ሁለት ክፍል ያለው፣ ወለሉ ጣውላ፣ ቆርቆሮው ዝገት የበላው፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ አሮጌ ቤት ነው። አንድ ነጋዴ ለራሱ አሠርቶት ደርግ ወረሰው፤ ከዚያ ወዲህ የቀበሌ ነው። የላይኛውን ከቀበሌ የተከራዩት የባሌ አባት ነበሩ። እኔ በሙሽርነቴ ገባሁበት። የምወጣው ሬሳዬ ሲወጣ ነው ብዬ ተደላድዬ ተቀምጬ ሳለሁ ነው የውል እድሳቱ ነገር የመጣው።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ቤት ያላወራ ዘመድ የለም። አንዷ “ሰው ይዛ ነው” አለች፤ ሌላዋ “የሟቹን ልጅ አታልላ አስመሰከረቻት” አለች። ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ ተቀምጠው የተንሾካሾኩትንም ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። መልስ መስጠት ልማዴ አይደለም። አሁን ግን ውሉ በእጄ ስለገባ፣ እንዴት እንደገባ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ ስለ ስሙ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። በእኛ አገር፣ ሀዲያም ሆነ ከምባታ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል የሚነሳውን ቃል ሁሉ ትታ በምትኩ ሌላ ትፈልጋለች። ባሊሻ ይባላል። የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ የሚያውቁትም ይስቁበታል። እኔ አልስቅበትም። ብድግ ብሎ ወንበር መልቀቅ የአንድ አፍታ ነገር ነው፤ ባሊሻ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ጓዳ ሲገባም ሲወጣም፣ ምላስን የሚያሠራ አክብሮት ነው።

እኔ አባባ የምላቸው የባሌ አባት ስማቸው ለምራት የማይመች ነበር። ጠዋት ጠዋት አገሩ ሁሉ በሲኒ የሚጠጣው ነገር በዚያው ፊደል ይነሳል። ከእንሰት ተጨምቆ የሚገኘው፣ ለአራስና ለክቡር እንግዳ የሚገነፋው ዱቄትም እንዲሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ለእኔ “ጥቁሩ”፣ ሁለተኛው “ነጩ” ሆኑ። ይህን ያስያዘችኝ አማቴ ናት። ዝምተኛ፣ ደግ ሴት ነበረች፤ ብዙ አልቆየችልኝም። የተጋባን ሰሞን ጓዳ ውስጥ አጠገቧ አቁማ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ እያሳየች፣ “ይሄን እንዲህ በይ፣ ያንን እንዲያ በይ” ስትለኝ ትምህርት ቤት እንደገና የገባሁ መሰለኝ። የሷም ቃላት ከእኔ ይለዩ ነበር፤ እሷም በጊዜዋ የሰው ምራት ናት። በአንድ ጓዳ ሁለት ሴቶች፣ ለአንድ ድስት ሁለት ስም።

የባሌ ታላቅ እህት ግን ሌላ ነገር ነበረች። እትዬ ነው የምላት። እሷ የአባቷን ስም እንደ ልቧ ትጠራለች፤ ልጅ ናት፣ ማን ይከለክላታል። እኔ ከሀቢቾ መምጣቴ፣ የሀዲያ ልጅ ሆኜ የከምባታ ቤት መግባቴ አልተዋጠላትም። ጎረቤት በተሰበሰበበት ሲኒ ታነሳና አፍንጫዬ ሥር ታስጠጋዋለች።

“አንቺ የሀቢቾዋ፣ እስቲ ይሄ ምንድን ነው?”

“ጥቁሩ ነው።”

“ጥላሸትም ጥቁር ነው።”

“የሚጠጣው ጥቁር።”

“የኮሶውን ነው?”

ሴቶቹ ይንከተከታሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሲኒዎቹን እሰበስባለሁ። “አንድ ቀን ተሳስታ ባያት በሬ አርዳለሁ!” ትላለች እትዬ። ያ በሬ እስከ ዛሬ አልታረደም።

አባባ ድሬሰር ነበሩ። ያኔ ሐኪም እንደ ዛሬ አልበዛም፤ መርፌ የሚወጋ፣ ቁስል የሚያጥብ ሲፈለግ ከጊምቢቹም ከሀቢቾም ሰው ይመጣል። መጥቶ ደረጃው ሥር ይቆምና ወደ ላይ አንጋጦ፣ “ይሄ የማን ቤት ነው?” ይላል። በረንዳው ላይ ልብስ የማሰጣው እኔ ነኝ። “የድሬሰሩ” እላለሁ። “የየትኛው ድሬሰር?” ይላል። ገበሬ ጠንቃቃ ነው፤ መርፌ የሚወጋውን ሰው ስም ሳያረጋግጥ ደረጃ አይወጣም። እኔ ደግሞ የረጠበ ጨርቅ በእጄ ይዤ አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።

ያኔ ከውስጥ ድምፅ ይመጣል። አባባ የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ስም፣ ስሙ እንደተጠራ ተማሪ፣ ጮክ ብለው ይሉታል። “ነኝ! ወደ ላይ ይውጡ!” ያክሉበታል። ምሳ ላይ ሆነው ይጮሃሉ። መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ይጮሃሉ። አንድ ጊዜ ጢማቸውን ሲላጩ፣ ፊታቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ መስኮት ላይ ወጥተው ጮኹ፤ የመጣው ሰውዬ ደንግጦ ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው አያዩም። ውለታ ዋልኩልሽ የሚል ነገር ፊታቸው ላይ የለም። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ለነገሩ እኔና እሳቸው ስለ ምንም ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ ግን እያንዳንዷን ጩኸት ሰምቻለሁ።

ይህን ስል መልአክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ግትር ነበሩ። እያረጁ ሲሄዱ ባሌ፣ “አባባ፣ የቤቱን ውል ወደ እኔ እናዛውረው” ቢላቸው፣ “እኔ በሕይወት እያለሁ ስሜ ከቤቴ አይወርድም” አሉ። ከሞቱ በኋላ እኔ ባሌን፣ “በል አሁን አዛውረው” ስለው፣ “ይቆይ፤ ስሙ እዚያ ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?” አለኝ። ውሉ በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ ይሄድና የአባቱን ስም ጠርቶ፣ ፈርሞ፣ ፊቱ በርቶ ይመለሳል። አባቱን ጠይቆ የመጣ ይመስል ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ እሱም ሞተ። ሁለት ወንዶች፣ አንዱ በግትርነት፣ አንዱ በፍቅር፣ ከማልጠራው ስም ጋር አፋጥጠውኝ ሄዱ። በሁለቱም ተቀይሜያለሁ። ሁለቱም ይናፍቁኛል።

ከእትዬ ጋር የተቆራረጥነው አባባ የተቀበሩ ዕለት ነው። በእኛ ለቅሶ ሴቶች ሟቹን በስሙ እየጠሩ ነው የሚያለቅሱት። ስሙ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ይሄዳል፤ ሥራው፣ ደግነቱ ከስሙ ጋር ይነሳል። እኔ ከመሐል ቆሜ “አባባ፣ አባባ” ከማለት በቀር የምለው አልነበረኝም። እትዬ ደረቷን እየመታች መጣች፤ ፊት ለፊቴ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ “ይህችማ ምን አለባት! አንድ ጊዜ እንኳ ስሙን አልጠራችለት! የባዕድ እንባ!” አለች።

እትዬ ከምትኖርበት ከአዲሎ የመጡት ለቀስተኞች ዞረው አዩኝ። ሌላ ሰው ቢለው ባያውቅ ነው እል ነበር። እሷ ግን ለምን እንደማልጠራው ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በሲኒ ስትፈትነኝ የኖረች ናት። በዚያን ቀን እግሬ ሁለተኛ ቤቷን እንዳይረግጥ ለራሴ ማልኩ። ባሌ ሲሞት መጣች፤ እጅ ተነሣሥተን ተለያየን። በቃ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ ቀበሌው ውሎቹን እንደገና የሚያጣራ ኮሚቴ አቆመ። ደላሎች የሟች ተከራይ ወረቀት እየገዙ ዘመድ ላልሆነ ሰው ቤት ያስይዙ ነበርና፣ ኮሚቴው ወረቀት ብቻ አያምንም። ማሕደሩን ከፊቱ ገልብጦ በቃል ይጠይቃል፦ ቤቱን መጀመሪያ የያዘው ማን ነው? አንተ ምኑ ነህ? ያልመለሰ ቤቱን ያስረክባል። መጥፎ ሥራ ነው አልልም። የእኛው ፎቅ ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ ማን እንዴት እንደያዘው አውቃለሁና።

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሳብ አድርጎ አስቀመጠኝ።

“እማማ፣ ቤቱን መጀመሪያ የተከራየው ማን ነው?”

“የባለቤቴ አባት።”

“ስማቸው?”

“አባባ ነው የምላቸው።”

ፈገግ አለ። “እኔም አባቴን አባባ ነው የምለው። ሙሉ ስማቸውን ነው የጠየቅኩዎት።”

“ድሬሰር ነበሩ። ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል።”

“ሥራቸውን አልጠየቅኩም።”

“ስማቸው እዚያው የገለበጥከው ላይ አለ።”

“እኔማ አለኝ፣ እማማ። እርስዎ ዘንድ መኖሩን ነው የማየው።”

“ምራታቸው ነኝ። አልጠራም” አልኩት።

እስክሪብቶውን አገላበጠ። “ትናንት አንድ ሰው ‘ስሙን የማልጠራው ስእለት ስላለብኝ ነው’ ብሎኝ ነበር” አለ። “ደላላ ሆኖ ተገኘ።” ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አልሳቀም፤ “እሺ፣ ካልጠሩት ይጻፉት” ብሎ ወረቀት ገፋልኝ። ወረቀቱን መልሼ ገፋሁለት። ልጄ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ እንኳ የአያቱን ስም የጻፈው አባቱ ነው። በአፍ የማይወጣ ስም በእጅ እንዲወጣ ማን ፈቀደ?

ለሐሙስ ቀጠረኝ። የመጀመሪያው ውል ሲፈረም በዚያ ቤት የኖረ የሟች ዘመድ ይዤ እንድመጣ፣ ዘመድ ባመጣም ግን መላሿ ራሴ እንደሆንኩ ነገረኝ። “ያለዚያ ቤቱን መልሰን መረከብ ግዴታችን ነው፣ እማማ” አለኝ። በቁጣ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ በቁጣ የተባለን ነገር በቁጣ እመልሳለሁ።

ሀዋሳ ላለው ልጄ ደወልኩ።

“እማዬ፣ ዝም ብለሽ በይው። የሞተ ሰው ይሰማል እንዴ?”

“አይሰማም ትላለህ?”

“አይሰማማ!”

“ታዲያ ለማይሰማ ሰው ምን አስጮኸኝ?”

“ቤትሽን ሊወስዱት ነዋ! ልምጣ?”

“መጥተህ ምን ትሠራለህ? ውሉ ሲፈረም አልተወለድክም።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ልሞክረው አልኩ። ብቻዬን ነበርኩ፤ መስኮቱን ዘጋሁ፣ የአባባ ወንበር ከነበረበት ፊት ለፊት ቆምኩ። የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ከከንፈር ነው የሚወጣው። ከንፈሬ ተዘጋጀ። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ጆሮዬን ሰጠሁ። እንደ ድሮው ከውስጥ የሚጮህልኝ ያለ ይመስል ጠበቅሁ። የታችኛው ሱቅ ሬዲዮ ብቻ ይሰማል። ከንፈሬን መለስኩና መስኮቱን ከፈትኩ።

ውሉ ሲፈረም በዚያ ቤት ከነበሩት በሕይወት ያለችው እትዬ ብቻ ናት። በማግስቱ እስከ ዱራሜ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሌላ መኪና አዲሎ ደረስኩ። የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ማዶ እህል ቤት አላት። የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከአንድ ሾፌር ጋር ስትከራከር አገኘኋት። አርጅታለች። ስታየኝ ሾፌሩን ትታ ተነሣች።

“ማን ሞተ?” አለችኝ።

“ማንም አልሞተም።”

“ታዲያ ምን አመጣሽ? አንቺን ከሞት በቀር ወደ እኔ ቤት የሚያመጣሽ የለም።”

“ሞትም ቢሆን ሰው ነበር የምልከው።”

“ምላስሽ ደህና ነው” አለችና ለሾፌሩ፣ “አንተ ቆየኝ፣ እንግዳ አለብኝ” አለችው።

ጉዳዩን ቆሜ ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ ሳቀች፤ እስክታነባ ሳቀች። “በስም? ቤቱን በአንድ ስም ልትነጠቂ?”

“የአባትሽ ስም ነው።”

“የአባቴ ከሆነ አንቺ ምን ጨነቀሽ? በይውና ተገላገይ።”

“በለቅሶው ያላልኩትን በቀበሌ አልልም” አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ይህን ያልኩት እንድታስታውሰው ነው፤ አስታወሰች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ጆንያውን አስተካከለች፣ የፈሰሰ በቆሎ በእግሯ ሰበሰበች። እኔም ቦርሳዬን ያዝኩ።

“ቁጭ በይ” አለችኝ።

“መኪና ያመልጠኛል።”

“መኪናው የእኔን እህል ሳይጭን አይሄድም። ቁጭ በይ፤ ቆጮ ቀርቧል፣ ጎመኑም ተቀቅሏል።”

በላሁ። ምግቧን ማማት አልችልም፤ ቅቤው የዋዛ አልነበረም። ስለ ሐሙስ አንድም ቃል አላለችም። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ በመስኮቱ፣ “ትመጫለሽ?” አልኳት። “መኪና ካገኘሁ” አለች፤ መኪና እንደ ጉንዳን በሚተራመስበት መንገድ ዳር ቆማ። ለመንኳት የሚሉ አሉ፤ አልለመንኳትም። ጠየቅኳት።

ሐሙስ ቀበሌው ግቢ ስገባ የለችም። ተራዬ እየቀረበ መጣ፤ የለችም። ለነገሩ ምን ጠብቄ ነበር አልኩ ለራሴ። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ገባሁ። እሷ ከውስጥ ተቀምጣለች። የክት ልብሷን ለብሳ፣ ትልቅ ጃንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ በር ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ። ከእኔ ቀድማ መጥታ፣ ምስክር ነኝ ብላ ሁሉንም ነግራ ጨርሳለች። ሰላም አላለችኝም።

ሰብሳቢው ፊት ለፊቱ ሲኒ አለ፤ ግማሹን ጠጥቶታል። ከጎኑ አንድ ሸምገል ያሉ፣ ነጭ ኮፊያ ያደረጉ፣ በጭነት መኪና ሥራ የኖሩ የሀዲያ ሰው ተቀምጠዋል፤ የነዋሪው ተወካይ ናቸው፣ ሁሉም ሐጂ ይሏቸዋል።

“ምስክርዎ ተሰምተዋል” አለ ሰብሳቢው። “ቀሪው የእርስዎ ነው፣ እማማ። ቤቱን መጀመሪያ የተከራየው ማን ነው?”

“የባለቤቴ አባት።”

“ስማቸው?”

እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። ደረጃው፣ በረንዳው፣ የማሰጣበት ገመድ፣ ሁሉም በዓይኔ መጣ። ከንፈሬ አልታዘዘልኝም። ሰብሳቢው ማሕደሩን ወደ ጎን ገፋ ሲያደርገው አየሁ።

“ቆይ!” አለች እትዬ።

ተነሥታ መጣች፤ ጃንጥላዋን ለሰብሳቢው አስያዘችው፣ እሱም ሳያስበው ተቀበላት። ከፊቱ ያለውን ሲኒ አንሥታ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው።

“አንቺ የሀቢቾዋ፣ እስቲ ይሄ ምንድን ነው?”

ደሜ ፈላ። አሮጊት ሆኜም፣ ቤቴን ልነጠቅ ስል እንኳ አልተወችኝም አልኩ። በር ላይ የተሰበሰበው ተራ ጠባቂ አንገቱን አስግጎ ያያል።

“ጥቁሩ ነው” አልኳት።

“ጥላሸትም ጥቁር ነው።”

“የሚጠጣው ጥቁር።”

“የኮሶውን ነው?”

“እትዬ፣ ተይኝ።”

“ሕጻን የሚያውቀውን ስም በይዋ! ከመንገድ ላይ ማንንም ብጠይቅ ይነግረኛል። በይ!”

“አልልም!” ጮኽኩ።

ወደ ኮሚቴው ዞረች። ፊቷ ላይ የጠበቅሁት ሳቅ አልነበረም። “አያችሁ?” አለች። “ከሙሽርነቷ ጀምሬ በሲኒ ፈትኛታለሁ። ሰው ሰብስቤ ፈትኛታለሁ። አንድ ቀን ከአፏ አልወጣም። በሬ አርዳለሁ ብዬ ነበር፤ በሬዬ ቀረ። ይሄንን ደላላ ያስጠናታል? የቱ ደላላ?”

ሐጂ በቀስታ መሳቅ ጀመሩ። ማሕደሩን ወደ ራሳቸው ሳቡና ስሙን አነበቡ፤ ከዚያ ጣታቸውን የስሙ መጀመሪያ ላይ አድርገው ለሰብሳቢው አሳዩት፣ በሌላኛው እጃቸው ሲኒውን አመለከቱት። ሰብሳቢው ማሕደሩን አየ፣ ሲኒውን አየ፣ እኔን አየ።

“ልጄ፣” አሉት ሐጂ፣ “እናትህ የአባትህን አባት ስም ስትጠራ ሰምተህ ታውቃለህ?”

አሰበ። ጃንጥላው አሁንም እጁ ላይ ነው። “አልሰማሁም” አለ በመጨረሻ። “ልብም ብዬ አላውቅም።”

“አዎ። ልብ እንድትልላቸው አይደለም የሚያደርጉት።”

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። “ገባኝ፣ ሐጂ። ግን ደንቡ ስሙ እዚህ በቃል ይጠራ ይላል።”

እትዬ ይህን እየጠበቀች ነበር መሰለኝ። ሲኒውን አስቀመጠች፤ ራሷን ቀና አደረገች፤ የአባቷን ስም ከነአያቷ ስም ጠራች። መናገር አልነበረም። ደረጃው ሥር ላለ ሰው እንደሚጮህ፣ ከውስጠኛው ክፍል እንደሚመጣ ድምፅ ነው የጠራችው። ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ከአባባ ሞት ወዲህ ያንን ድምፅ አልሰማሁትም ነበር፤ በእትዬ ጉሮሮ ውስጥ እንደተቀመጠ አላወቅኩም።

“የጠየቅኩት እኮ እሳቸውን ነው፣ እማማ” አለ ሰብሳቢው፣ ድምፁ ግን ፈገግታ ገብቶበት ነበር።

“የአባቴ ስም ነው፤ ባሻኝ ቦታ እጠራዋለሁ!” አለችው። “አሁን ጃንጥላዬን አምጣ።”

ሐጂ፣ “ደንቡ ስሙ ይጠራ ነው ያለው፤ ተጠርቷል” አሉት። ተፈራርመን ወጣን። አታለለቻት፣ ሰው ያዘች ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው። የተያዘ ነገር ቢኖር የሰብሳቢው ሲኒና የእትዬ ጃንጥላ ነው።

መኪና መሽቶባት ነበር፤ እኔ ዘንድ አደረች። ደረጃውን ስትወጣ በየመሐሉ እየቆመች የእንጨቱን መደገፊያ በእጇ ዳበሰችው። የአባቷን ወንበር የት እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ፤ እግሩ ተሰብሮ ጓዳ መግባቱን ስነግራት፣ “አናጺ አጥተሽ ነው?” ብላ ቆጣችኝ። መጋረጃዬን፣ ድስቶቼን፣ የወጡን ጨው ሁሉ ነቀፈች። ስለ ለቅሶው ቀን አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ይቅር አልኳት አልልም። ጠዋት ስነሣ ግን ነጩን በቅቤ ገነፋሁላት። እንደ አራስ ድስቱን ጠርጋ በላች።

ገና ቁርሱ ሳይነሣ ከታች ሰው ተጣራ። የቀበሌው ሰው ነው፤ ውላቸው የታደሰላቸውን ቤቶች በር ላይ ቁጥር ይጽፋል። ቀለምና ብሩሽ ይዞ ደረጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠ።

“ይሄ የማን ቤት ነው?”

እትዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ደረቷን ስትነፋ አየሁ፤ አፏን ከፈተች። ከዚያ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ጠበቀችኝ።

ወደ መደገፊያው ተጠጋሁና የራሴን ስም ከነአባቴ ስም ጠራሁ። እንዲህ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ በዚህ ቤት ማንም ጠርቶት አያውቅም። እዚህ እኔ ምራት ነበርኩ፣ ሚስት ነበርኩ፣ እማዬ ነበርኩ። የታችኛው ባለሱቅ እንኳ ስሜን ሰምቶ ወጥቶ አየኝ። “ነኝ!” አልኩ። “ወደ ላይ ውጣ!”

ሰውዬው ቀለሙን ይዞ መውጣት ጀመረ። እትዬ ወደ መንገዱ እያየች፣ “ጆሮዬን አደነቆርሽው” አለችኝ። “ልክ እንደ እሱ።”

ከዚያ የያዘችውን ባዶ ሲኒ ወደ እኔ ዘረጋች።

“ጥቁሩን ድገሚኝ እስቲ” አለች።

እሷ የጥቁሩን እውነተኛ ስም መጥራት ትችላለች፤ ማንም ከልክሏት አያውቅም። በጨው እንደምትጠጣው አልረሳሁም። ቀዳሁላት፤ ጨውም ጨመርኩላት።